ሰባት የክብሪት እንጨት

የመሥሪያ ቤታችን ሥራ ልክ ማስጠበቅ ነው። የሥጋ ቤቱ ኪሎ ኪሎ መሆኑን፣ የነዳጅ ማደያው ሊትር ሊትር መሆኑን፣ የጨርቅ ነጋዴው ሜትር አለማጠሩን የምናረጋግጠው እኛ ነን። “እኛ” ስል የእኔ ድርሻ ሻይ ነው። ከደረጃው ሥር፣ ጎንበስ ብሎ ያልገባ ሰው ግንባሩን የሚመታባት አንዲት ክፍል አለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለአርባ ሁለት ሰው ሻይ ያፈላሁት እዚያች ውስጥ ነው። ማን ስኳር እንደሚያበዛ አውቃለሁ። ማን በሰው ፊት “ስኳር ትቻለሁ” ብሎ ምሎ፣ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ወርዶ ሁለት ማንኪያ እንደሚያስጨምርም አውቃለሁ። ጡረታ ለመውጣት አሥራ አራት ወር ሲቀረኝ ነው እንግዲህ ዋና ኃላፊያችን ቻይና ደርሰው የተመለሱት።

የሄዱት ለሚዛን ሥልጠና ነበር። ሦስት ሳምንት ቆዩ። ስለ ሚዛን ምን እንደተማሩ እስከ ዛሬ የሰማ የለም። ሻንጣቸው ውስጥ ግን ስምንት ቆርቆሮ የሻይ ቅጠል፣ የልጅ መጫወቻ የሚያካክሉ ሲኒዎች፣ ክዳን ያላት አንዲት ኩባያና ውሃ የሚያሳልፍ የእንጨት ትሪ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሠራተኛውን በሙሉ አዳራሽ ሰብስበው፣ “እስከ ዛሬ የጠጣነው ሻይ አልነበረም” አሉ።

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ዞር ዞር ብለው ያዩኝም ነበሩ። ደሜ ፈላ።

“በከረጢት የታሰረው ሻይ አቧራ ነው፣ ከመጋዘን ወለል የተጠረገ ነው” ብለው ቀጠሉ። “እውነተኛ ሻይ ሙሉ ቅጠል ነው። አረንጓዴው ሰማንያ ዲግሪ በሞቀ ውሃ ይፈላል፣ ኡሎንግ የሚባለው በዘጠና አምስት። አንድ ዲግሪ ብትስቱ ቅጠሉ ይቀየማል።”

“ልክ ነው” አሉ ምክትላቸው። እኚህ ሰው ስም አላቸው፤ ነገር ግን ከአፋቸው ሌላ ቃል ሲወጣ የሰማ ስለሌለ፣ ከበሩ ጥበቃ እስከ መዝገብ ቤት ድረስ “ልክ ነው” ነው የምንላቸው።

ዕለቱኑ የጣዕም ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ኃላፊው፣ ምክትል ሰብሳቢ “ልክ ነው”፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ ጸሐፊዋ፣ ሁለት አባላት ደግሞ ከበጀት ክፍል። ስብሰባው ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። በሳምንት ሁለት ቀን ሻይ ለመቅመስ ኮሚቴ ሲቋቋም ያየሁት በዕድሜዬ ያኔ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ራሳቸው ወደ እኔ ወረዱ። በሃያ አንድ ዓመት ውስጥ የየትኛውም ኃላፊ እግር ረግጧት የማያውቅ ክፍል ናትና ጎንበስ ማለት እንዳለባቸው የነገራቸው የለም፤ ግንባራቸውን በሩ አጮላቸው። እያሻሹ አንዱን ቆርቆሮ ከፈቱልኝ። ውስጡ እንደ ቁንዶ በርበሬ የተድቦለቦለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ነው።

“እትዬ፣ ይሄ ኡሎንግ ነው። ሰባት ጊዜ ይፈላል። ሰባት! አንዴ አፍልተው እንዳይጥሉት። አንዴ አፍልቶ መጣል ወንጀል ነው።”

“ሰባት ጊዜ?”

“ሰባት ጊዜ። ደግሞ መጀመሪያ የሚፈስበት ውሃ አይጠጣም። እሱ ቅጠሉ የሚታጠብበት ነው፣ ወዲያው ይደፋል።”

“እሺ፣ ጌታው።”

እኔ እሺ ካልኩ እሺ ነው።

ማክሰኞ ደረሰ። አምስት ግራም ቅጠል ባለሙያዎቻችን ባስተካከሉት ሚዛን መዘንኩ። ውሃውን አፍልቼ፣ ባለሙያዎቻችን ባተሙት ቴርሞሜትር ዘጠና አምስት ላይ ጠብቄ፣ ይዤ ወጣሁ። ኃላፊው ቅጠሉን አጥበው ውሃውን ደፉ። እንደገና ሞሉ፣ ከደኑ፣ ሰዓታቸውን እያዩ እስከ ሃያ ቆጠሩ፣ በሲኒዎቹ አካፈሉ። አምስቱም አንድ ጊዜ ፉት አሉ። “ልክ ነው” ሎሚ እንደነከሰ ሰው ፊታቸውን አጨማደዱ። ሌሎቹ ኃላፊውን አዩ። ኃላፊው እኔን አዩ።

“ተቃጥሏል” አሉ።

“ውሃው ዘጠና አምስት ነው፣ ጌታው። ቴርሞሜትሩን ይዩት።”

አዩት። ዘጠና አምስት ይላል። የራሳቸው ፊርማ ያለበት ማኅተም ተለጥፎበታል። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ “ቴርሞሜትሩ ልክ ነው፤ ውሃው ነው የተሳሳተው” አሉ።

“ልክ ነው” አሉ ምክትላቸው።

በዚያው ቀን የመጀመሪያው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፦ “ቅጠል በማቃጠል ጥፋት”። በሃያ አንድ ዓመት ፋይሌ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው መጥፎ ወረቀት ነው። ሁለቴ አነበብኩት።

ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው። ኩባያዋን ይዤ ወርጄ ክዳኗን ሳነሣ፣ ያ ድቡልቡል ቅጠል ተዘርግቶ፣ ለምልሞ፣ ምንም እንዳልደረሰበት ሆኖ ተኝቷል። የፈላው አንዴ ነው። መታጠቡን አልቆጠርኩትም፤ ፊት መታጠብን ማን ከቁርስ ይቆጥረዋል? ስለዚህ ስድስት ጊዜ ይቀረዋል ማለት ነው። መጣል ደግሞ ወንጀል ነው ተብያለሁ። ሰፊ ሰሃን ላይ ዘርግቼ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። በማግስቱ ኮሽ ኮሽ እስኪል ደረቀ። በማርማላታ ጠርሙስ ከተትኩትና፣ አጠገቡ ባስቀመጥኩት ባዶ ብርጭቆ ውስጥ አንዲት የክብሪት እንጨት ጣልኩ። አንድ እንጨት፣ አንድ ጊዜ። የምሠራው ልክ በሚጠበቅበት ቤት ነው፤ ቆጠራ አይስተኝም።

ሐሙስ ያንኑ ቅጠል ይዤ ወጣሁ። ውሃው ያው፣ ቴርሞሜትሩ ያው፣ እጄም ያው። ኃላፊው ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እንዲህ ነው እንጂ! አያችሁ? እትዬ ውሃ አፈላል ተማሩ።”

“ልክ ነው” አሉ ምክትላቸው። ከዚያ ምን እንደነካቸው አላውቅም፣ ኩባያዋ ውስጥ አጮልቀው አይተው፣ “ግን ባለፈው ቅጠሉ ድቡልቡል አልነበረም?” ብለው ጠየቁ። ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። እሳቸውም በራሳቸው ደነገጡ።

“አየራችንን ለምዶ ነዋ!” አሉ ኃላፊው። “ቅጠል ሕይወት አለው።”

“ልክ ነው።”

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ሦስተኛው እንጨት ላይ ኃላፊው “ማር” አሉ፤ ሁሉም ማር ብለው ጻፉ። አራተኛው ላይ “ከሩቅ የሚሸት ኦርኪድ” አሉ። ከበጀት ክፍል የመጣው አባል ኦርኪድ ምን እንደሆነ ኋላ ወርዶ እኔን ነው የጠየቀኝ፤ እኔስ የት አውቄ? አምስተኛው ላይ “ዝናብ የመታው ድንጋይ” ተባለ። ስድስተኛው ላይ “ዝምታ”። ሰባተኛው ላይ ሲኒው ውስጥ የነበረው ነገር ብርጭቆ ከለቀለቅኩበት ውሃ አይለይም፤ ጸሐፊዋ ግን ዕንባ ባቀረረ ዓይን “የልጅነት ትዝታ” ብላ መዘገበች። ቃለ ጉባኤው በሦስት ኮፒ ወደ በላይ አካል ተላከ።

ሰባት እንጨት ሞላ። አሮጌውን ቅጠል ደፍቼ፣ ከቆርቆሮው አዲስ አምስት ግራም መዝኜ ይዤ ወጣሁ።

“ተቃጥሏል!”

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ኃላፊው ሲናደዱ አንቱታው ይጠፋባቸዋል። “ስሚ፣ ሦስተኛ ከመጣ ክብደት መጋዘን ነው የምትሄጂው” አሉኝ። ክብደት መጋዘን ማለት መፈተሻ ብረቶቹ የሚቀመጡበት ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አሳንሰር የሌለው። ጉልበቴን የምታውቁት ከሆነ፣ ወይም የእኔ ዓይነት ጉልበት ያላት እናት ካለቻችሁ፣ አሥራ ምናምን ወር እዚያ መውጣትና መውረድ ምን ማለት እንደሆነ አልነግራችሁም። የምወጣው በጡረታ ሳይሆን በቃሬዛ ነው።

ያን ቀን ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ። የበሩ ጥበቃ ብርጭቋቸውን ይዘው ሲመጡ አገኙኝ። ከእኔ ትንሽ የሚበልጡ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው።

“ምን ሆንሽ፣ እህቴ?”

“ይሄ ቅጠል የመጀመሪያ ቀኑ ጠላቴ ነው፣ ጋሼ። በኋላ ሰው ይሆናል፤ ያኔ ግን አፋቸውን ይነክሳል፣ እኔን ያስነክሰኛል።”

ጋሼ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። “አዲስ ተቀጣሪ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም ይናከሳል። እስቲ እኛ ላይ ይናከስና ይውጣለት።”

ምክሩ ገባኝ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ቅጠል ስከፍት መጀመሪያ ለጋሼና ለእኔ አፈላለሁ፣ አደርቃለሁ፣ አንድ እንጨት እጥላለሁ፤ ከሁለተኛው ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ቀረ። ቃለ ጉባኤው በኦርኪድና በድንጋይ ተሞላ። ስምንቱንም ቆርቆሮ እንዲሁ ገራናቸው፤ አረንጓዴውንም፣ ነጩንም፣ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተጠፈጠፈውንም።

ጋሼ መጀመሪያ “ያለ ስኳር?” ብለው አጉረመረሙ። በሁለተኛው ሳምንት ሳልጠራቸው መጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነገር ላወራቸው ስል እጃቸውን አነሡ። “ቆይ፣ አታናግሪኝ። ወርዶ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ጉሮሮዬ ላይ እየጣፈጠኝ ነው።” ለእኔም እንደዚያው ነበር። ግን ላይኛው ቤት ተቃጥሏል ያሉትን እኔ ጣፈጠኝ ብል ማን ይሰማኛል? ምላሴ አርጅቷል ብዬ ዝም አልኩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስት ወር ሆነ። አንድ ቀን ኃላፊው እየበረሩ ወረዱ፤ አሁን በሩን ለምደውት ጎንበስ ብለዋል። ትልቁን የጭነት መኪና ሚዛን የሚተክለው የቻይና መሐንዲስ ሐሙስ ይመጣል።

“ኮሚቴውን አሳየዋለሁ። አስተያየቱን በፊርማው ይሰጠናል። እትዬ፣ ምርጡን ነው የምፈልገው።”

“ምርጡን ማለት ኦርኪዱን?”

“ኦርኪዱን! የተቃጠለ ከመጣ ግን ሦስተኛው መሆኑን አይርሱ።”

እንዳያሳፍረኝ ብዬ እንጨቶቹን ሁለቴ ቆጠርኩ። ሦስት እንጨት የጣልኩለት ጠርሙስ ነበረኝ፤ የሐሙሱ አራተኛ ይሆናል፣ ልክ ኦርኪዱ ላይ።

መሐንዲሱ ቀጭን ሽማግሌ ነው። እጅጌውን ሰብስቧል፣ ጥፍሩ ሥር የግራሶ ጥቁረት አለ፣ ብብቱ ሥር ደግሞ ቅጠል የሚንሳፈፍበት ትልቅ የመስታወት ጠርሙስ ወሽቋል። ሁለት ዓመት እኛ ዘንድ ስለሠራ ቋንቋችንን ቆርጠም ቆርጠም እያደረገ ይናገራል። ኃላፊው አጠቡ፣ ደፉ፣ ሞሉ፣ ሃያ ቆጠሩ፣ በሁለት እጃቸው አቀረቡለት።

ሽማግሌው ፉት አለ። ሲኒው ውስጥ አየ። ክዳኑን አነሣ። አንዱን ቅጠል አውጥቶ በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። አምስቱም ብዕራቸውን ይዘው አፉን ይጠብቃሉ።

“በጣም...” አለ፣ ቃል እየፈለገ፣ “በጣም ጸጥ ያለ።”

አምስቱም “ጸጥ ያለ” ብለው ጻፉ።

ዕረፍት ሲሆን ጠርሙሱን ይዞ ሙቅ ውሃ ፍለጋ ወደ እኔ ወረደ። አጭር ስለሆነ በሩ አልነካውም። ማንቆርቆሪያዬን ሳነሣ መስኮቱን አየ። ሰሃኑ ላይ የትናንትናው አረንጓዴ ቅጠል ተሰጥቷል።

“ይሄ ምን?”

“እየደረቀ ነው።”

“ለምን?”

ጠርሙሶቹን አሳየሁት። እንጨቶቹን አሳየሁት። ሰባት ጣቴን አነሣሁ። “ሰባት ጊዜ ነው የሚፈላው። ማክሰኞ አንድ፣ ሐሙስ ሁለት፣ ማክሰኞ ሦስት...”

እንጨቶቹን አየ፣ ሰሃኑን አየ፣ ጣቶቼን አየ። መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የስኳሩ ጆንያ ላይ ቁጭ ብሎ ዕንባውን በእጅጌው እስኪጠርግ ሳቀ።

“ምን ያስቅዎታል?” አልኩት ተናድጄ።

ወዲያው ተነሥቶ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝ። “ሰባት ጊዜ፣ አዎ። ግን ዛሬ። አሁን፣ አሁን፣ አሁን!”

ከአንዱ ቆርቆሮ ያልተፈላ ቅጠል በጣቱ ቆንጠር አድርጎ፣ ሳይመዝን፣ የእኔ ብርጭቆ ውስጥ ጣለ። ውሃውን ሳይለካ አፈሰሰ። ጠጣን። እዚያው ላይ ደግሞ አፈሰሰ። ጠጣን። ደግሞ አፈሰሰ። ጋሼም በሰዓታቸው ደረሱና ሦስተኛውን ከእኛ ጋር ጠጡ። አንዱ ዙር ከሌላው አይመሳሰልም፤ ልጅ ሆኖ፣ ጎልምሶ፣ እየረጋ የሚሄድ ነገር ነው። የመጀመሪያዋን ግን አፌ እንዳስገባኋት አወቅኋት። የእኔና የጋሼ ነበረች። “የተቃጠለችው” ነበረች።

“እና ይሄኛውስ?” አልኩት የደረቀውን እያሳየሁ።

“ለአበባ” አለ። “ለአበባ ማሰሮ።”

ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ሆንኩ። ሦስት ወር ሙሉ ለኃላፊዎቹ የአበባ ማዳበሪያ ሳጠጣ ነበር! ሽማግሌው ጠርሙሱን ሞልቶ፣ አመስግኖኝ ወደ ላይ ወጣ።

“ዝም በይ” አሉኝ ጋሼ። “አሥራ አንድ ወር ነው የቀረሽ። እሱም የሚናገር ሰው አይመስልም።”

እውነታቸውን ነበር። ጉልበቴም ዝም በይ አለኝ። ግን ሥጋ ቤቱን ለሃምሳ ግራም ጉድለት ሱቁን የምናሽግበት እኛ ነን። እኔ ደግሞ ሳላውቅም ቢሆን ሦስት ወር በጎደለ መስፈሪያ ስሰፍር ኖሬያለሁ። ያ ሽማግሌ በዚያ ወረቀት ላይ ሊፈርም ነው። አልቻልኩም። ጠርሙሱንና የክብሪት እንጨቶቹን ብርጭቆ ይዤ ደረጃውን ወጣሁ።

“ጌታው፣ አንድ ነገር አለኝ። ቅጠሉ የተፈላ ነው።” አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ማድረቁን፣ ቆጠራውን፣ የመጀመሪያውን እኔና ጋሼ እንደምንጠጣው። ስጨርስ የማንም ብዕር አይንቀሳቀስም።

“ኦርኪዱስ?” አሉ ኃላፊው ድምፃቸው ቀጥኖ።

“አራተኛው ነው፣ ጌታው። አራት ቀን የፈላው።”

“ትዝታዬስ?” አለች ጸሐፊዋ።

“እሱ ሰባተኛው ነው፣ የኔ ልጅ።”

ኃላፊው ቀሉ። “ይሄ ማጭበርበር ነው! ይሄ ሦስተኛ ብቻ ሳይሆን...” ሽማግሌው እጁን አነሣ። ከኪሱ ትንሽ የወረቀት ጥቅል አወጣ፤ የራሱ ቅጠል ነው፣ አገሩ እናቱ ቤት ጓሮ የበቀለ ነው አለን። ክዳን ያላት ኩባያ ውስጥ ጨመረ፣ ውሃ አፈሰሰ፣ ለሁሉም በእጁ ቀዳ። እኔ ዳር ቆሜ ሽታው ብቻ ደረሰኝ፤ ምራቄን ዋጥኩ።

ኃላፊው ፉት አሉ። ፊታቸው ተጨማደደ። ከአፋቸው ሳያስቡት አመለጣቸው፦

“ተቃጥሏል።”

“ልክ ነው” አሉ ምክትላቸው።

ከዚያ በኋላ የነበረው ዝምታ ስድስተኛው እንጨት ላይ ከመዘገቡት ዝምታ ይበልጣል። ሽማግሌው ምንም አልተቀየመም። የተረፈውን ቅጠል በጥቅሉ እንዳለ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ ሚዛኑን ለመትከል ወጥቶ ሄደ።

አሁን ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሃያ አራት ቃለ ጉባኤ በሦስት ኮፒ ወደ በላይ አካል ሄዷል። እኔን ከቀጡኝ ምክንያቱ ይጻፋል፤ ምክንያቱ ከተጻፈ ኦርኪዱ ይነበባል። ኮሚቴው በሩን ዘግቶ እስከ ማታ መውጫ ሰዓት ተቀመጠ። በማግስቱ ውሳኔው ወረቀት ላይ ሆኖ መጣልኝ፤ አሁንም ከማንቆርቆሪያዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፦

“መሥሪያ ቤታችን የራሱን የአፈላል ደረጃ ያወጣ ሲሆን፣ ቅጠሉ ለኮሚቴው የሚቀርበው ከመጀመሪያው ድርቀት በኋላ ይሆናል። የመጀመሪያው ዙር ደረጃውን ያላሟላ ስለሆነ በሻይ ክፍሉ በኩል በአግባቡ እንዲወገድ ተወስኗል።”

የምስጋና የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። መጋዘኑ ቀረልኝ። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች ግን ከፋይሌ አልወጡም፤ ለማውጣት ሌላ ኮሚቴ ያስፈልጋል ተባልኩ። ትዝ ሲለኝ አሁንም ይቆጨኛል፤ ሃያ አንድ ዓመት ንጹህ የነበረ ፋይል፣ ልክ የሆነ ውሃ በማፍላቴ ቆሸሸ።

ያም ሆኖ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ኮሚቴው ወደ ኦርኪዱ ሲወጣ፣ እኔ በሬን ገርበብ አድርጌ፣ ሽማግሌው እንዳሳየን አዲስ ቅጠል ቆንጥሬ ማንቆርቆሪያዬን እጥዳለሁ። ትንሽ ቆይቶ ቆብ ያወለቀ ጭንቅላት ብቅ ይላል።

“እህቴ፣ የሚወገድ አለ?”

“ሰባት ዙር አለ፣ ጋሼ። ይቀመጡ።”